ትራንዚት የተባለው ብሎን

በእኛ ጊዜ የሚያጥበው እጅ ነበር፤ የሚጨምቀውም እጅ፣ የሚያሰጣውም እጅ። ማሽን የሚባል ነገር ለወፍጮ ነበር፣ ለሎሪም ነበር፣ ለልብስ ግን አልሰማንም። ታዲያ እናንተ ሁለታችሁ ትናንት ተጋብታችሁ ዛሬ ማሽን ገዝታችሁ፣ ከሄሉ ሰፈር ድረስ በእግራችሁ መጥታችሁ «አባባ፣ እንዴት ነው የሚተከለው» ትሉኛላችሁ። ማን ላካችሁ? «ሰው ሁሉ እሳቸውን ጠይቁ ይላል።» እሺ፣ ይበል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ብዙም አላወራም። ይህን ግን አወራችኋለሁ። ማሽን መትከል ቀላል ነው፤ እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። ተቀመጡ። አንተ ሮባ፣ ስልኩን አስቀምጠው። ድምፅ እየቀዳህ ነው? ይቅዳ እንግዲህ።

እኔ ሎሪ ጫኝ ነበርኩ፣ ይህን ታውቃላችሁ። ከዚህ ከኬንያው ሞያሌ እስከ ናይሮቢ፤ ስንወርድ ከብትና ባቄላ፣ ስንመለስ ቁም ሳጥን፣ መስታወት፣ ማቀዝቀዣ። እጄ የሚያውቀው ገመድ ነው። የሚሰበር ነገር ለመንገድ እንዴት እንደሚታሰር አውቃለሁ፣ ሲደርስ እንዴት እንደሚፈታም አውቃለሁ። ሌላ ትምህርት የለኝም።

ታዲያ ሚስቴ ቃባሌ እጇ ታመመ። እዚህ ጋ፣ አንጓዋ ላይ ያብጣል። ክሊኒክ ወሰድኳት፣ ነርሷ «እማማ፣ ከእንግዲህ እርጥብ ልብስ መጠምዘዝ የለም» አለቻት። «ማን ይጠምዝዘው ታዲያ?» አለች ቃባሌ። ነርሷ እኔን አየችኝ፣ እኔ በሩን አየሁ። በእኛ ጊዜ ወንድ ልብስ አያጥብም፣ ምን ላድርግ። እና ልጃችን አልማዝ ናይሮቢ ናት፣ ይህን ሰማች፣ ማሽን ገዝታ በሎሪ ላከች። ነጭ፣ ከፊቱ ክብ መስኮት ያለው፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው።

በመጣ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ካርቶኑን የቀደድኩትም እኔ። ቃባሌ አጠገቤ ቆማ «ቀስ፣ ቀስ» ትላለች። ታዲያ ከካርቶኑ ውስጥ መጽሐፍ ወጣ፤ ቀጭን ነገር፣ የእንግሊዝኛ። እሷ አነሳችው፣ ገለበጠችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወደ አጥሩ አየች።

«አባ አልማዝ፣ ሙዋሊሙን ጥራቸው» አለች።

አባ አልማዝ የምትለው እኔን ነው፤ በእነሱ በቦረና ወግ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። ሙዋሊሙ ደግሞ ሙዋሊሙ ደስታ ነው፣ አጥር ለአጥር ነን። አስተማሪ ነበር፤ ጡረታ ቢወጣም እዚህ አገር ሙዋሊሙ ሙዋሊሙ ነው። ሚስቱ ካረፈች ቆይቷል። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። አማርኛ ያነባል፣ እንግሊዝኛ ያነባል፣ ስዋሂሊ ያነባል። ክፉ ሰው ነው አልልም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እና ጠራሁት፣ መጣ። ቃባሌ ወንበር አወጣችለት። የኔን ወንበር።

እኔ እሱ እስኪመጣ ድረስ ማሽኑን ዞሬ ከኋላ አይቼው ነበር። አራት ብሎን፣ ትልልቅ፣ ከሥራቸው ወፍራም ፕላስቲክ ያላቸው። እጄን በመስኮቱ ሰድጄ የውስጡን በርሜል ነቀነቅሁት፤ አይነቃነቅም። ወዲያው ገባኝ። የመንገድ እስር ነው። እኛ የቁም ሳጥን በር በገመድ እንደምናስረው፣ እነሱ ሆዱን በብሎን አስረውታል፣ መንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭ። ስንቱን አስሬ ስንቱን ፈትቻለሁ፣ ይህ ይጠፋኛል?

«ሙዋሊሙ፣ እነዚህ ከኋላ ያሉት ብሎኖች» አልኩት።

«ቆይ ምዜ፣ በተራ ነው የምንሄደው» አለኝ። ምዜ ሽማግሌ ማለት ነው፤ እሱ ቢያንሰኝ በሁለት ዓመት ነው። መነጽሩን ሰቀለ፣ በእንግሊዝኛ ለራሱ አጉረመረመ። «አዎ፣ አለ እዚህ። ትራንዚት ቦልት ይላል።»

«ምን ማለት ነው?» አለች ቃባሌ።

«ትራንዚት አታውቂም ቃባሌ? ጉምሩኩ በር ላይ ተደርድሮ የሚያድረው ሎሪ ምንድን ነው?»

ታዲያ ይህን እናንተም ታውቃላችሁ። በዚህ ከተማ ትራንዚት ከተባለ አላፊ ዕቃ ነው፤ እዚህ የማይራገፍ፣ ድንበር የሚሻገር፣ ታሽጎ ማኅተም የተደረገበት። ማኅተሙን የነካ ጫኝ ወዮለት። ሙዋሊሙ ጣቱን ገጹ ላይ አድርጎ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እንግዲህ ትራንዚት ቦልት ይፈታ የሚለው ወደ ኢትዮጵያ ለሚሻገረው ነው» አለ። «ያንን ጉምሩክ ፈትቶ ያየዋል። የናንተ ግን እዚሁ ኬንያ ቀሪ ነው፣ አላፊ አይደለም። እኛን አይመለከትም። እንዲያውም ማኅተም ከሆነ ባይነካ ይሻላል። ቀጣዩ ገጽ።»

«ማንበብ እንዲህ ነው» አለች ቃባሌ። «እኛ ብንሆን ፈትተነው ነበር።»

እኔ አፌን ከፈትኩ። ልናገር። ለመንገድ የታሰረ ሲደርስ ይፈታል ልል።

«አባ አልማዝ፣ አታቋርጣቸው» አለች፣ «እያነበቡ ነው።»

ስሙልኝ እንግዲህ። እሱን አንቱ፣ እኔን አንተ። አፌን ዘጋሁ። እና እንደተዘጋ ቀረ፣ ሦስት ሳምንት።

አንቺ ልጅ ታይኛለሽ፤ «ለዚህ ነው?» ትያለሽ በሆድሽ። ለዚህ ብቻ አይደለም። እኔ ሎሪ ላይ በነበርኩ ጊዜ ስልክ የለም፤ ናይሮቢ ላይ አንድ ጻፊ ነበር፣ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ደብዳቤው በሹፌር ይመጣል። እዚህ ሲደርስ ማን ያነብላታል? ሙዋሊሙ። ታዲያ አስቡት፤ «ናፍቀሽኛል» ብዬ የላክሁት በሱ አፍ ነው የደረሳት። እኔ እኮ በአፌ ብያት አላውቅም፣ ያሳፍረኛል። በደብዳቤ ነበር የምደፍረው። አንድ ጊዜ ከመንገድ ስመለስ «ደብዳቤህ እንዴት ያምራል» አለችኝ፤ «ሙዋሊሙ ሲያነቡት ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር» አለችኝ። ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ሠላሳ ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁ።

እሺ፣ ወደ ማሽኑ። በመጀመሪያ ቀን ሙዋሊሙ የውሃ መግቢያውን ቱቦ ከታንኩ ቧንቧ ጋር አጋጠመው፣ በደንብ ነው ያጋጠመው። የቆሻሻ ውሃ መውጫውን ግን መሬት ላይ ጣለው። ሶኬቱ ተሰካ፣ ተከፈተ፣ ውሃ ይገባል፣ ይገባል፣ አይሞላም። በወዲያ ይገባል፣ በወዲህ ይወጣል። ጣሪያ ላይ ያለው ታንክ ባዶ ሆነ፤ አህያ ያመጣው ውሃ፣ ሃያ ጀሪካን፣ ግቢው ውስጥ ፈሰሰ። እኔ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው የምነግራችሁ፣ ውሃው እየፈሰሰ ደስ አለኝ።

ታዲያ እሱ ምን አለ? መጽሐፉን ገለጠ፣ «አሃ፣ የመውጫው ቱቦ ከወገብ በላይ መሰቀል አለበት» አለ። ሚስማር መታ፣ ሰቀለው፣ ውሃው ቆመ፣ ሞላ። ልብሱ በመስኮቱ ውስጥ መዞር ጀመረ፣ ቃባሌ ቁጢጥ ብላ ታያለች፣ እንደ ሕፃን ትስቃለች። «እግዜር ይስጥዎ ሙዋሊሙ፣ እግዜር ይስጥዎ።» ያ ደስታዬ የት ገባ? ጠፋ።

ከዚያ ጨመቃው ደረሰ። ማሽኑ በመጨረሻ ውሃውን ለማውጣት በኃይል ነው የሚሽከረከረው። ልጆች፣ ጭነት የጣለ ግመል አይታችኋል? እንደሱ። ዘለለ። ድድድድ እያለ ከግድግዳው ተነሳ፣ ወደ በሩ መጣ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ ቃባሌ ወደኋላ ሸሸች፣ የኤሌክትሪኩ ገመድ ተወጥሮ ሶኬቱን ነቅሎ ቆመ።

«መሬቱ ነው፣ ልክ አይደለም» አለ ሙዋሊሙ።

እና መሬቱን ማስተካከል ሆነ። እግሮቹ በብሎን ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ይህን ያዙ፣ ይህ እውነት ነው፤ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞልታችሁ ላዩ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ውሃው ወዴት እንዳዘነበለ ታያላችሁ፣ በዚያ በኩል ያለውን እግር ታስረዝማላችሁ። ሙዋሊሙ ይህን አደረገ። በማግሥቱ ዘለለ። «ሳሙናው በዝቷል» አለ፤ የእጅ ማጠቢያ ዱቄት ነበር የተጠቀምነው፣ አረፋው በላይ ወጥቶ ነበር፣ እውነቱን ነው፣ የማሽን ሳሙና ሌላ ነው፣ ትንሽ ነው የሚፈልገው። ሳሙናው ተለወጠ። ዘለለ። «ልብሱ አንድ ቦታ ተከምሮ ነው» አለ። ልብሱ ተበተነ። ዘለለ። እኔ «ፉንዲ እንጥራ» አልኩ አንድ ቀን፣ ባለሙያ ማለቴ ነው። «ሙዋሊሙ አሉ አይደል?» አለች።

አሉ። መኖርስ አሉ። በየቀኑ ጠዋት መነጽራቸውን አንጠልጥለው ከተፍ ይላሉ። ቃባሌ ሻይ ታቀርባለች፤ ለሱ ስኳር ቀነስ አድርጋ። ስኳር እንደማይወድ መቼ አወቀች? እኔ ውጭ አጥሩ ሥር እቀመጣለሁ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማኛል። እሱ አንድ ነገር ይላል፣ እሷ ትስቃለች። እኔ ሳወራ እንዲህ ስቃ ታውቃለች? አስባለሁ፣ አስባለሁ። ከዚያ ማሽኑ ድድድድ ይላል፣ እኔ ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ። አራት ብሎን። በአንድ መፍቻ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ። አውቃለሁ፣ ዝም እላለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ ውሃው አልወጣ አለ። ሙዋሊሙ ከፊት ለፊት ታች ያለችውን ትንሽ በር ከፈተ፤ እዚያ ውስጥ ማጣሪያ አለ፣ እናንተም በየጊዜው ክፈቱት፣ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፉ፣ ውሃ ይፈሳል። ጠምዝዞ አወጣው። ክር፣ ፀጉር፣ አንድ አዝራር፣ እና አንድ የብዕር ክዳን። ሰማያዊ።

የብዕር ክዳን። ሮባ፣ በዚህ ቤት ብዕር የለም። አልማዝ ከሄደች ወዲህ በዚህ ቤት ብዕር ገብቶ አያውቅም።

«ይህ የማን ነው?» አልኩ።

ሙዋሊሙ መነጽሩን ጠረገ። ቃባሌ ግን ምንም አልመሰላት፣ «የሳቸው ነዋ» አለች። «ሸሚዛቸውን አጥቤላቸው ነበር። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ለኛ ሲንበረከኩ ይውላሉ፣ ሚስት የላቸው፣ ቆሽሸው ይግቡ?»

«ከኔ ጋር አንድ ላይ?»

«ምኑ?»

«ሸሚዙ።»

«ከኔ ቀሚስ ጋር ነው የገባው» አለች። «ያንተ ጠቆር ያለ ነው፣ ቀለም ይለቃል።»

ወጣሁ። አጥሩ ሥርም አልተቀመጥኩም፣ ከከተማው ወጥቼ እስከ ቦሪ መንገድ ድረስ ሄድኩ፣ ፀሐይ ላይ። ማሽኑ ለዘላለም ይዝለል አልኩ። ግድግዳውን ጥሶ ይውጣ አልኩ።

እና ያልቆጠርኩት አንድ ነገር ነበር። ማሽኑ ያጥባል፣ እየዘለለ ሶኬቱን ስለሚነቅል ግን አይጨምቅም። ታዲያ ልብሱ ከነውሃው ነው የሚወጣው። ማን ይጨምቀዋል? ቃባሌ። ድሮ ትንሽ ትንሽ እያደረገች ነበር የምታጥበው፤ አሁን ማሽን አለ ተብሎ ብርድ ልብሱ ሁሉ ገብቷል፣ አንሶላው ገብቷል፣ ውሃ እንደጠጣ በግ ከብዶ ይወጣል። እሷ በዚያ እጇ። እኔ ይህን አላየሁም? አይቻለሁ። አይቼ እንዳላየሁ አልፍ ነበር፤ ምክንያቱም ብናገር ሙዋሊሙ «እንዴት አወቅህ» ይላል፣ እሷም «ለምን ዝም አልክ» ትላለች። ዝምታ እንደዚህ ናት፤ በጀመርክበት ቀን ቀላል ናት፣ እያደረች ትከብዳለች።

ታዲያ አንድ ጠዋት ከውስጥ ጠራችኝ። «አባ አልማዝ፣ ና እስቲ።» ገባሁ። ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። «እሰርልኝ፣ ጣቴ እምቢ አለኝ» አለች። ሣቅ ብላ ነው ያለችው፣ እንደ ቀልድ። አሰርኩላት። አርባ ዓመት ሎሪ ያሰረ እጅ፣ ያቺን ትንሽ ቋጠሮ ሁለት ጊዜ ፈትቶ አሰራት። አንጓዋን አየሁት፤ ቀይ ነው፣ ጉልበት አክሏል።

ወጣሁ፣ ከአልጋ ሥር የብሎን መፍቻዬን አመጣሁ። ሙዋሊሙ ቀድሞ መጥቷል፣ ከማሽኑ ፊት ተንበርክኮ፣ መጽሐፉ ጉልበቱ ላይ ነው።

«ሙዋሊሙ፣ ተነስ» አልኩት።

«ምነው ምዜ?»

«ተነስ።»

ማሽኑን ጎተትኩት። አንድ ፈታሁ። ሁለት። «ኧረ ማኅተም ነው!» አለ። ሦስት። አራት። ከነፕላስቲካቸው መዥርጬ አወጣኋቸው። አራት ክዳን ከመጽሐፉ ጋር በትንሽ ከረጢት መጥቶ ነበር፣ ቀዳዳዎቹን በሱ ደፈንኩ። በርሜሉን በእጄ ገፋሁት፤ ተወዛወዘ፣ ልክ እንደ ሕፃን አልጋ። ወደ ቦታው መለስኩት፣ ቃባሌ አንሶላ አስገባች፣ ተከፈተ። ጨመቃው ደረሰ። እኛ ሦስታችን ቆመን እንጠብቃለን። ሽው አለ። ሽው ብቻ። አንሶላው ሲወጣ ሊደርቅ የተቃረበ፣ ቀላል።

ቃባሌ አንሶላውን ፊቷ ላይ አድርጋ «አባ አልማዝ፣ እንዴት አወቅህ?» አለች። ዓይኗ ያበራል። ለኔ ያበራል።

ልጆች፣ እዚያ ጋ «አሁን ታየኝ» ብል ኖሮ ጌታ ነበርኩ። ሙዋሊሙ ተሸንፎ፣ እኔ ቀና ብዬ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ያቺን ሻሽ ግን አየኋት፣ እኔ ያሰርኳትን፤ ጠማማ ነበረች።

«የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው ያወቅሁት» አልኩ። «በመጣ ቀን።»

ሙዋሊሙ መነጽሩን አወለቀ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ግማሹን ነግሬህ ነበር።»

ቃባሌ አንሶላውን አስቀመጠችው። ሁለቱን እጇን ወደ ፊቴ ዘረጋች። «ይህን እያየህ?» አለች።

«እያየሁ።»

«ለምን?»

«ቀናሁ» አልኩ።

ሙዋሊሙ ጎንበስ ብሎ መጽሐፉን አነሳ፣ «በሰላም ዋሉ» ብሎ ወጣ፤ መጽሐፉን ይዞት መውጣቱን እንኳ አላወቀም። ቃባሌ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ወንበሩን ሳበች፣ ተቀመጠች፣ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች።

«በዚያ ደብዳቤ ላይ» አለች በኋላ፣ «ሰውየው ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ የነበረው ሚስታቸው ታማ ስለነበር ነው። እኔ የምሰማው ያንተን ነበር።»

እኔ እኮ ስለ ደብዳቤው ምንም አልነገርኳትም ነበር። እንዴት እንዳወቀች እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ ፍርዷን ሰጠች። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አጣቢው አንተ ነህ» አለች። «የምታስገባው አንተ፣ የምታወጣው አንተ፣ የምታሰጣው አንተ። አጥሩ ላይ፣ ሰው እያየህ።» እሺ አልኩ። «የሙዋሊሙንም ሸሚዝ» አለች። አጥሩን አየሁ። «የሙዋሊሙንም» አለች። እሺ አልኩ።

ይኸው። ሰው ሁሉ እሳቸውን ጠይቁ የሚለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሂዱና ከኋላ ያሉትን ብሎኖች ፍቱ፣ ግን አትጣሏቸው፣ ቤት ስትቀይሩ መልሳችሁ ታስሩበታላችሁ። የመውጫውን ቱቦ ስቀሉ። የመግቢያው ቱቦ አፍ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች፣ የኛ ውሃ ቀይ አፈር ያመጣል፣ በየወሩ እጠቧት። እና አንተ ሮባ፣ የምታውቀውን ነገር በቀኑ ተናገር። ቅናት የሚቀጣው አንተን ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ አጠገብህ ያለውን እጅ ነው የሚይዘው።

ምን አልሽ ልጄ? አሁንስ እቀናለሁ ወይ?

አይ፣ ተይኝ። ሸሚዙን አጥብለታለሁ፣ በየሳምንቱ፣ ንጹሕ አድርጌ። ብቻ ለብቻው ነው የማጥበው። ከሷ ቀሚስ ጋር አላስገባውም።

(ቃባሌ ከውስጥ፦) «ታንኩ በየሳምንቱ የሚያልቅብን ለዚህ ነው በላቸው።»